መፈክሩና እንጀራው

ባለፈው ዓርብ ሪያድ ውስጥ በሰናኢያ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለ የሠራተኞች መኖሪያ ምሳ ሲቀርብ አንዱ ወጣት ግራ እጁን ጨብጦ አነሣና «እንጀራ ወይም ሞት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ካራማራ ላይ የተዋጉ አንድ ጋሼ ግን ጉርሻቸውን እንደያዙ ዝም አሉ። ይህ እትም የተጸነሰው ከዚያ ዝምታ ነው።

ወጣቱ የቀየረው መፈክር «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረበት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስንቱ ገበሬ ሚሊሻ ሆኖ የዘመተበት ቃል ነው። መንትያው ኩባ ውስጥ አለ። ፊደል ካስትሮ «ሀገር ወይም ሞት»ን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ሃቫና ላይ ያሰሙት በመርከብ ፍንዳታ የሞቱ ሰዎች በተቀበሩበት ዕለት ነበር። በኋላም የኩባ ወታደሮች ኦጋዴን ድረስ መጥተው ከእኛዎቹ ጎን ወደቁ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኩባ ሙዚቀኞች መፈክሩን ገልብጠው «ሀገርና ሕይወት» የተሰኘ ዘፈን አወጡ። በሐምሌ ሰልፈኞች አደባባይ ላይ ጮኹት፤ በኅዳር የላቲን ግራሚን የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማት አገኘ።

እነሱ ሞትን አወጡ። የእኛ ልጆች ሀገርን አውጥተው ሞትን እንዳለ ተዉት። እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ፣ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ሪያድ ለገባ ልጅ «እንጀራ ወይም ሞት» የመንገዱ ታሪክ እንጂ ጨዋታ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ወጣቶቹንም ጋሼንም አነጋግረናል፤ ቀድመው የሚናገሩት ጋሼ ናቸው።