ጦሩን ብትጥሉት ልጁ ከባሕር አይቀርም

አሽዶድም አሽቀሎንም "የዓሣ መውጊያውን ጦር ጣልንበት፣ ተገላገልን" የምትሉ ወላጆች አላችሁ። አትቆጡኝና አልተገላገላችሁም። ነገ ሌላ ገዝቶ ጓደኛው ቤት ያስቀምጣል፤ ያኔ ማን ያየዋል? (አገር ቤት እረኛው ዱላ ሲይዝ ማን ከለከለው?)

ይልቅ "አምጣ፣ አሳየኝ" በሉት። ከጦሩ ኋላ ያለውን ጎማ ሳብ አድርጋችሁ እዩ፤ ፀሐይና ጨው ከሰነጣጠቀው ይቀየር፣ ሲበጠስ ፊት ይመታል። የጫፉ ብረት ጠብቆ ይታሰር፤ አውቶቡስ ላይ በቡሽ ይሸፈን። ጎማውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አጥልቆ፣ እጁን በዘንጉ ላይ ወደ ፊት ገፍቶ የሚወጥረው ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። አሸዋ ላይ የሚወጥር ልጅ ገና አልተማረም፤ እሱን ከልክሉት፣ እኔም አብሬያችሁ ነኝ።

እኔን ግን ከጦሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ትንፋሹ ነው። ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ የሚተነፍስ ልጅ፣ አየር እንዳነሰው ሳይታወቀው ውኃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ለዚህ ነው አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል መጠበቅ ያለበት። "ከማን ጋር ነው የምትገባው?" ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?