ሣጥኑን ለተከታዩ
የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 አቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ይፋ አደረገ። «ጂኦካሺንግ» የሚሰኘው የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ የተጀመረው እንዲህ ነው።

አዲስ ሣጥን መደበቁ እንደተሰማ፣ በውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስማቸውን ቀድመው ለማስፈር ብዙዎች ይሽቀዳደማሉ። ሆኖም ያገኘው ሰው ሣጥኑን ወደ ነበረበት መልሶ ይሸፍናል፤ ቦታው ከተነገረው ነጥብ ርቆ ካገኘውም የራሱን ልኬት ለደባቂው ያሳውቃል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። መቀበያው ቦታውን የሚያሰላው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች በሚመጡ ምልክቶች የጉዞ ጊዜ ነው። ገደል ምልክቱን ያንጸባርቃል፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍም ያዳክመዋል። ስለዚህ አንድ ንባብ በበርካታ ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ የሚታረመውም የተለያዩ ሰዎች በተለያዩ ቀናት በሚወስዱት ልኬት ነው። ተፎካካሪው የቀዳሚው አራሚም ምስክርም ይሆናል ማለት ነው።

እኛን የሚያሳስበን በየቤተ ሙከራችን የምናየው ተቃራኒ ልማድ ነው። ጓደኛችን እንዳይቀድመን ስንል ውጤታችንን፣ ይልቁንም ያልተሳካውን ሙከራችንን፣ በደብተራችን ቀብረን እናስቀራለን። ጓደኛችን በዚያው ስሕተት ጊዜውን ያባክናል፤ የእኛም ሥራ አራሚ ያጣል። ፉክክሩ ይቅር አንልም፤ እንዲያውም ይጠንክር። ቀድሞ የደረሰ ግን ሣጥኑን ለተከታዩ መልሶ ያስቀምጥ። ተከታይ ከሌለ የቀዳሚውን ቀዳሚነት ማን ይመሰክርለታል?