የባሌ ገለባ ባለቤት አለው

ስለ ባዮማስ ኃይል በአገራችን ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ስሌት አንድ ዓይነት ነው። የዓመቱ የስንዴና የገብስ ምርት ይወሰድና በገለባና በፍሬ መካከል ባለው ምጣኔ ይባዛል፤ የተገኘው ቶን ወደ ሜጋጁል፣ ሜጋጁሉ ደግሞ ወደ ሜጋዋት ይለወጣል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ያስደምማል። ሙግቱም ከዚያ ይቀጥላል፦ ይህን የሚያህል ሀብት በየማሳው እየነደደ የሚባክነው ተመራማሪው፣ ባለ ፋብሪካውና ፖሊሲ አውጪው ተናበው ስለማይሠሩ ነው፤ ሦስቱ ከተቀናጁ ገለባው መብራት ይሆናል፣ የሲሚንቶ ምድጃም ያነዳል። ለዚህ ሁሉ በማስረጃነት የሚጠራው ደግሞ በአብዛኛው የአርሲና የባሌ ደጋ ነው።

ቅንጅቱን አልቃወምም። የምቃወመው መነሻውን ነው፤ ገለባውን ማንም የማይፈልገው ትርፍ አድርጎ መቁጠሩን። ይህን ስሌት የሚያቀርቡት ሰዎች ለአገር አሳቢ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን በስሌቱ ላይ ተመሥርቶ ፖሊሲ ቢወጣ ጉዳቱ በረት ድረስ፣ ጓዳ ድረስ የሚገባ ስለሆነ ዝም ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

አጋርፋን ይዘን እንየው። ከሮቤ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ዋቤ ሸበሌ ከአርሲ በሚለየው ደጋ ላይ ያለ ስንዴና ገብስ አብቃይ ወረዳ ነው። አንድ ሄክታር ማሳ በደህና ዓመት 40 ኩንታል ስንዴ ሰጠ እንበል። ምጣኔውን 1.3 ብንወስድ ገለባው 52 ኩንታል ይሆናል። የተለመደው ስሌት እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኛ እንቀጥል። 250 ኪሎ የሚመዝን የአገር በሬ በቀን የክብደቱን 2.5 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ይህ በቀን ከ6 ኪሎ በላይ፣ በዓመት 23 ኩንታል ገደማ ነው። ሁለት በሬና አንድ ላም ያለው ቤት እንግዲህ በዓመት 68 ኩንታል ያህል መኖ ያስፈልገዋል። ግማሹን ከግጦሽ፣ ከአረምና ከፉርሽካ ያገኛል ብንል እንኳ 34 ኩንታሉ ከገለባ መምጣት አለበት። የተረፈው 18 ኩንታል ነው። ከእሱ ላይ ኮምባይነሩ ከፍ አድርጎ ሲቆርጥ ከሥሩ ጋር የተወው አገዳ፣ ነፋስ የበተነው እብቅ፣ ዝናብ መትቶ ያበሰበሰው፣ ለግድግዳ ምርጊት የሚወሰደው ጭድ ሲቀነስ ለፋብሪካ የሚጫን የለም ማለት ይቻላል።

መሬቱ ሰፊ፣ ከብቱ ጥቂት በሆነበት ሂሳቡ ይለወጣል። በትራክተርና በኮምባይነር በሚሠሩ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በእርግጥም ትርፍ ገለባ አለ። ግን ያ እርሻ በእርሻ ተለክቶ የሚታወቅ እንጂ የወረዳን ጠቅላላ ምርት በአንድ ቁጥር በማባዛት የሚገኝ አይደለም።

አፈሩም ድርሻውን ይጠይቃል። የስንዴ ገለባ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ያ 52 ኩንታል ተጠርጎ ከማሳው ቢወጣ አብሮት የሚሄደው ናይትሮጅን 26 ኪሎ፣ በማዳበሪያ ሲተመን ከግማሽ ኩንታል በላይ ዩሪያ ይሆናል። የዩሪያ ዋጋ ገበሬውን ምን እያደረገው እንዳለ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በኃይል ስሌቱ ውስጥ ይህ ወጪ አንድም ቦታ ተመዝግቦ አላየሁም።

ቀጥሎ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። ፍሬው ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ማሳው በብዙ ቀበሌ የመንደሩ ከብት የሚሰማራበት ይሆናል። በወረቀት ያልሰፈረ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው መብት ነው። ገለባ ሊገዛ የሚመጣ ድርጅት ከባለ ማሳው ጋር ተፈራርሞ ጠራርጎ ቢሄድ፣ መሬት የሌላት፣ በሁለት ላም ወተት የምትተዳደር ሴት የበጋ ግጦሿን ታጣለች። ውሉ ላይ ስሟ የለም። የእሷ ከብት ደግሞ መሄጃ አያጣም፤ ወደ ተራራው ይወጣል። የባሌ አርብቶ አደር ጎዳንቱ በሚለው ሥርዓት ከብቱን በወቅት እየለየ ወደ ደጋውና ወደ ሐረና ጫካ ሲያዘዋውር ኖሯል። አሁን ያ ተራራ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በግጦሽ መጨናነቁም የቆየ ችግር ነው። ከአጋርፋ ማሳ የተጫነ ገለባ ካርቦን ቀነሰ ተብሎ ሲመዘገብ፣ በዲንሾ በኩል የቀይ ቀበሮው ሣር ምን ያህል እንደተጋጠ የሚመዘግብ አይኖርም።

የሚቃጠለውስ? ባሌን የሚያውቅ ሰው ከአጨዳ በኋላ የሚነሣውን ጭስ አይቶታል፤ የትርፍ ገለባ ሙግት ትልቁ ማስረጃም ይኸው ጭስ ነው። ግን ገበሬው የሚያቃጥለው ገለባው ስለማያስፈልገው ነው የሚለው ትክክል አይደለም። በአውድማ በሬ የረገጠው ገለባ ደቆ ይለሰልሳል፤ ከብት ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ኮምባይነር ከኋላው የሚተፋው ግን ረጅም፣ ሸካራ፣ በማሳው ርዝመት መስመር ሠርቶ የተኛ ነው፤ ለመሰብሰብ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፣ ተሰብስቦም ከብቱ አገዳውን እየተወ ለስላሳውን ይመርጣል። በዚያ ላይ ባሌ ሁለት ወቅት ያመርታል። በጋናና በቦና ደጋግሞ የሚዘራ ሰው ጋናውን አንሥቶ ማሳውን ለቦና ለማድረስ ያለው ጊዜ የሳምንታት ነው፤ ወፍራም ገለባ ደግሞ ማረሻ ላይ ይጠመጠማል። የበሽታ ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተነሣው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝና በ2013 እና 2014 ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ የመታው የግንድ ዋግ በዚህ አካባቢ አልተረሱም። ዋግ የሚኖረው በሕያው ተክል ላይ ስለሆነ ደረቅ ገለባ ማቃጠል አያስቀረውም፤ እንደ ሴፕቶሪያ ያሉት የቅጠል በሽታዎች ግን በገለባ ላይ ይከርማሉና የገበሬው ሥጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም።

እሳቱ እንግዲህ የጊዜና የማሽን ችግር ነው፤ መፍትሔውም እዚያው ነው። ኮምባይነሩ ላይ የሚገጠም መክተፊያ፣ ገለባ የሚያስር ማሽን በኪራይ ማቅረብ፣ ሸካራውን አገዳ በዩሪያ አክሞ ለከብት ማለስለስ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። እነዚህ ከተሟሉ ከሚነደው ገለባ አብዛኛው ወደ በረትና ወደ አፈር ይመለሳል። ከዚያም በኋላ የሚተርፍ ካለ የኃይል ነገር ያኔ ይነሣ።

ገለባውን መብራት እናድርገው የሚለውን ሐሳብ ለመመርመር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚያው በዋቤ ሸበሌ ላይ ከአጋርፋ ላይኛው ተፋሰስ መልካ ዋከና አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሚሠራ፣ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ። አሁን ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል። በውኃ ኃይል የታደለ አገር የከብቱን መኖ አንድዶ ተርባይን የሚያዞርበት ምክንያት አይታየኝም። ለሲሚንቶ ይሁን ቢባልም ሙገርና ደርባ ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው፤ ከሮቤ አዲስ አበባ ብቻውን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 50 ኩንታል ስንዴ የሚጭን አይሱዙ ያልታሰረ ገለባ ሲጭን ከ10 ኩንታል እምብዛም አያልፍም፤ ቦታ እንጂ ክብደት አይሞላም። የገለባ ኃይል ከናፍጣ ኃይል በኪሎ ሲለካ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑ ሲጨመርበት ከጭነቱ ዋጋ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል።

ዴንማርክ ተሳክቶላታል የሚል ክርክር በተደጋጋሚ ይቀርባል፤ እውነት ነው፣ ተሳክቶላታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በተደረገ የፖለቲካ ስምምነት የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ በዓመት 1.2 ሚሊዮን ቶን ገለባ እንዲያነዱ ግዴታ ተጣለባቸው። ምሳሌውን ስንወስድ ግን አብሮት ያለውን ሁሉ እንውሰድ። የዴንማርክ ከብት በገለባ አይኖርም። ከማመንጫው የሚወጣው ሙቀት በቧንቧ ወደ ከተማው ቤቶች ገብቶ ክረምቱን ሙሉ ይሸጣል፤ ለእኛ ለሮቤና ለጎባ እንዲህ ያለ ገበያ የለም። ገለባው ውስጥ ያለው ክሎሪንና ፖታሲየም የቦይለሩን ብረት ስለሚበላ እዚያ ያሉ ማመንጫዎች ማሳ ላይ ዝናብ መትቶ ያጠበውን ገለባ ይመርጣሉ፤ ማለትም ፖታሲየሙ ለአፈሩ ከቀረ በኋላ ነው የሚነድደው። ከዴንማርክ መማር ካለብን የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይመስለኛል።

የራሳችንም ትምህርት አለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የባዮፊውል ስትራቴጂ ለጃትሮፋና ለመሰል የዘይት ተክሎች የሚመች ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንዳለ ቆጥሮ ነበር። ያም ቁጥር ተባዝቶ የተገኘ ነበር፤ መሬቱ ላይ ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዓመት ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ድርጅት በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ተክል ከያዘው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜም ባለ ሀብትና መንግሥት ተባብረው ነበር። ያልተጠሩት መሬቱ ላይ የነበሩት ናቸው።

ባዮማስ ለአገራችን ገና የሚመጣ ነገር አድርገን የምናወራውም ስህተት ይመስለኛል። ከምንጠቀመው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ዛሬም ባዮማስ ነው፤ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት። አጋርፋ ውስጥ የባዮኢነርጂ ዋና ተቋም ማዕድ ቤቱ ነው። እናቶች እበቱን ከጭድ ጋር ለውሰው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው፣ የደረቀውን እንደ ማማ ከምረው የክረምት ማገዶ የሚያደርጉት ሥራ በማንም ሪፖርት ውስጥ የኃይል ምርት ተብሎ አይመዘገብም። ኬኔዝ ኒውኮምብ በዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነደው ኩበት ማሳ ላይ ያልዋለ ማዳበሪያ፣ ስለዚህም ያልታፈሰ እህል መሆኑን አስረድቷል። ከአርባ ዓመት በኋላም የደጋው ዋና የባዮማስ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የተሻለው ባዮጋዝ ነው፤ እበቱ ጋዙን ሰጥቶ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳልና አፈርና ምድጃ አይሻሙም። ግን የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራሙን ታሪክ በቅንነት ማየት አለብን። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር በአራት ክልሎች 14,000 ማብላያ ለመሥራት ታቅዶ እስከ 2013 መጨረሻ የተሠራው ወደ 8,000 ገደማ ነው፤ ከተሠሩትም ቀላል የማይባሉት ሥራ አቁመዋል። ምክንያቶቹ ለባሌ ሰው እንግዳ አይደሉም። ማብላያው በየቀኑ የእበቱን ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ ቀጂዋ ደግሞ ሴት ልጅ ናት። ከ4 ያላነሱ ከብቶች በረት ማደር አለባቸው። ብርዱም አለ፦ እበቱን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ከ15 ዲግሪ በታች ሥራቸው ይደክማል፤ የደጋው ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። የጋዙ ምድጃ ድስት እንጂ ምጣድ አይችልም ነበርና፣ ከቤት ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚበላው እንጀራ ጋገራ እንደ ጥንቱ በጉልቻ ላይ ቀረ። እንጨት በግማሽ ያህል ይቆጥባል የሚባልለት «ምርጥ» የተሰኘው የሲሚንቶ ምድጃ እንኳ ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ የሚጠግነው ሰው በአቅራቢያው ከሌለ ተመልሶ ጉልቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ቅንጅት የሚያስፈልገው፤ ሠሪዎቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴ ዝርያ ሲያወጣ በፍሬው ብቻ ሳይሆን በገለባው መኖነትም ቢመዝን፣ ከአንድ ሄክታር ምን ያህል ገለባ ቢወጣ አፈሩ እንደማይጎዳ ቢለካ ለኃይል ፖሊሲው ከማንኛውም ስብሰባ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ማብላያን በገለባና በፍግ ቁልል ሸፍኖ ማሞቅ ምን ያህል እንደሚረዳ ይፈትሽ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ገበሬ ሲያሠለጥን የኖረው የአጋርፋ ኮሌጅ ማብላያ የሚገነባ ግንበኛና ቫልቭ የሚቀይር ቴክኒሺያን ያውጣ። ለኢንዱስትሪው ደግሞ ከሐረና በታች ደሎ መና አለ፤ ቡናው በጀንፈሉ ደርቆ በመፈልፈያ ሲገባ ገለፈቱ አንድ ቦታ ይከመራል። የማጓጓዣውን ዋጋ ቡናው ከፍሎለታል፤ ከብትም አይሻማበትም። ለከሰል ጡብ የሚሆን እውነተኛ ትርፍ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከማሳ ላይ ለሚነሣ ገለባ ግን ጥያቄዬ አንድ ነው። ገለባ ለፋብሪካ የሚያቀርብ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት፣ በየቀበሌው የከብቱ ብዛት፣ በአጨዳ ማሳ ላይ ግጦሽ ያላቸው መሬት አልባ ቤተሰቦች፣ አፈሩ ላይ ሊቀር የሚገባው መጠን፣ ጋናንም ቦናንም በያዘ ሁለት ሙሉ የምርት ዓመት ይለኩ፤ ውሉም ከዚያ ከተለካው በላይ አንድ ኩንታል እንዳይነሣ በግልጽ ይከልክል።