ስምንተኛዋ ድምፅ

ሰሞኑን በመዝናኛ ክፍላችን ጊታር የጨበጠ ጓደኛ ሁሉ «ቢቦፕ ስኬል» የተባለውን ካልተማርሁ ብሎ መነሣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ አጠናናችን አንድ ጉድለት ያለበት መስሎ ስለታየኝ ጥቂት ቃል ለመናገር ተገድጃለሁ።

በሶል ሰባተኛ ኮርድ ላይ ስንጫወት ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ የተባሉ ሰባት ድምፆች አሉን። በፋና በላይኛው ሶል መካከል ፋ ዲዬዝ ስትጨመር ስምንት ይሆናሉ። ይህን ሁላችንም በቃላችን ይዘናል። ስምንተኛዋ ለምን ገባች ብዬ ስጠይቅ ግን «ለጌጥ ነው» የሚለኝ ብዙ ነው። ለጌጥስ አይደለም! በአንድ ምት ሁለት ሁለት ድምፅ እየመታን ከላይኛው ሶል ስንወርድ፣ ሰባቱን ብቻ የያዝን እንደሆነ ከሶል ቀጥሎ በምቱ ላይ የሚያርፉት ሚ፣ ዶና ላ ናቸው፤ ሦስቱም የኮርዱ ቤተሰብ አይደሉም። ፋ ዲዬዝ ከገባች ግን በምቱ ላይ ሶል፣ ፋ፣ ሬ፣ ሲ ያርፋሉ፤ ኮርዱ ራሱ ማለት ነው። እንግዲህ ጉዳዩ የምት እንጂ የጣት አይደለም።

ይህን የምለው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት በአንድ የሙዚቃ ምሽት ስኬሉን በጥድፊያ ወጥቼ ወርጄ ስጨርስ ባስ ተጫዋቹ ኮርዱን ቀይሮ ርቆ ሄዶ ነበር። የተጨበጨበልኝም ለማጽናናት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በኒውዮርክ ይህን ሙዚቃ ያቀኑት እነ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ የስኬሉን ስም ይዘው አልተነሡም። ስሙን ያስፋፋው ኋላ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዴቪድ ቤከር ነው። ጨዋታው ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ። ጊታሪስቱ ዌስ ሞንትጎመሪም የተማረው የቻርሊ ክሪስቲያንን ሸክላዎች በጆሮው እየለቀመ ነበር።

«ጣት ካልፈጠነ ቢቦፕ የለም» የሚሉ ጓደኞች አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ ሶል፣ ፋ ዲዬዝ፣ ፋ፣ ሚ እያሉ በግማሽ ድምፅ ተከታትሎ መውረድ እንግዳ ነገር ነው። ጆሮው ሳይለምድ ጣቱ ቢፈጥን ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከቀጭኑ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ካለው ሶል ተነሥተን ሁለተኛውን፣ አንደኛውን፣ ከዚያም ባዶውን ክር እንምታ፤ በሁለተኛው ክር ሦስተኛውን፣ አንደኛውን፣ ባዶውን፤ በሦስተኛው ክር ሁለተኛውንና ባዶውን። በዝግታ፣ እየዘፈንን። ክፍሉ ያለው አንድ ጊታር ብቻ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ጓደኛ ምቱን በእግሩ ይምታ፤ የታችኛው ሶል ከእግሩ ጋር ያልገጠመ እንደሆነ ያስቁመንና ጊታሩን ይቀበለን።