ልጁን አክመን ሐይቁን ረሳነው

ዛሬ ስለ ጣና ነው የማወራችሁ። «ሐኪም ከሐይቅ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፣ ያገናኘዋል።

ጣና አካባቢ የሚኖር አንድ ልጅ ቢልሃርዚያ ይዞት መጣ። አከምነው። ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። እናቱ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ አይሠራም እንዴ?» አለችኝ።

መድኃኒቱ ይሠራል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፣ በየትምህርት ቤቱም በዘመቻ ይሰጣል። ግን ዳግም ከመያዝ አይከላከልም። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ በቆዳ በኩል ሰው ውስጥ ይገባል። ልጁ የሚዋኘው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ ታዲያ ለምን አይመለስበትም?

እምቦጭም ላይ የማየው ይህንኑ ነው። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተካሄደ! ማሽን ገባ፣ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ልፋታቸው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን እምቦጭን የሚያፋፋው ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ምግቡ እየገባለት ብንነቅለው ተመልሶ ይበቅላል፤ ዘሩ እኮ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ኢንፌክሽኑን ትቶ የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ እንደ መስጠት ነው።

ስለዚህ መንግሥት ዘመቻውን ሳያቆም ሦስት ነገር ያስቀድም እላለሁ፦

✅ ዓሣ አጥማጁና ገበሬው በሚውልበት የሐይቁ ዳርቻ መጸዳጃ ቤት ይሠራ።
✅ ፍሳሽ ሳይጣራ ሐይቁ ውስጥ አይግባ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን፤ የቀረው ማስፈጸም ነው።
✅ የውሃው ምርመራ ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ ይነገር። የራሱን የላብራቶሪ ውጤት የማያውቅ ታካሚ የለም፤ ሕዝቡስ የሐይቁን ለምን አያውቅም?

«በጀት የለም» ይባል ይሆናል። በየዓመቱ ለነቀላ የሚወጣውስ በጀት አይደለም?

እስከዚያው ሐይቁ ዳር የምትኖሩ፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ጥሩ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ብቻውን አያድንም፤ ልጆች ከመዋኘት ይቆጠቡ። ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሆድ ቁርጠቱ ከደጋገመ ተመርመሩ።

ለዚያች እናት ያልመለስኩላት መልስ ይኼ ነው፦ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ያልታከመው ውሃው ነው።

ሐሳባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።