ኮከብ፣ ስኒና ካርታ

«ኮከባቸው አልገጠመም» ተብሎ የቀረ ጋብቻ የማያውቅ ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም። የልጁንና የእናቱን ስም በፊደል ቆጥሮ፣ ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ከሐመል እስከ ሑት ካሉት አንዱን ማግኘት ነው። ከዚያ እሳት ነው፣ ውኃ ነው፣ መሬት ነው፣ ነፋስ ነው ይባላል። አውደ ነገሥትን በአደባባይ የሚነቅፍ ቤት እንኳ ለልጁ ሽማግሌ ሲመጣ በጓሮ በር ያስቆጥራል። ስኒ አስደፍታ አተላውን የምታነብ ጎረቤትም አትጠፋም።

ይህን ያነሣሁት፣ ልጆቻችን ታሮት የሚባል ካርታ ይዘው ሲገኙ «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ጉድ ነው?» የምንል ወላጆች ስለበዛን ነው። የመጣው ከጣሊያን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ሲጀመር መጫወቻ ነበር፤ ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመረው ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ካርታዎቹ 78 ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚታዩትን ሥዕሎች የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሴት ስትሆን፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተሙ። አሁን አሁን ብዙዎች የሚይዙት መጪውን ለማወቅ ሳይሆን፣ ሥዕሉን እያዩ የገዛ ልባቸውን ለመመርመር ነው።

ክረምቱን ግምጃ ቤት፣ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። የወንድሜ ልጅ አባቷ ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ ትንፍሽ አላለችም። ካርታዎቹን ከስልኳ እያየች ወፍራም ወረቀት ላይ ሥላቸዋለች። እናቴ አንድ ቀን ደረሰችባት። መጀመሪያ በአውኚ ተቆጣች፣ ቀጥሎ በአማርኛ፤ የንስሐ አባት ይጠራ እስከ ማለት ደረሰች። ልጅቱ እጇ ላይ የነበረችውን ካርታ ግን አልደበቀችም። ሞት የምትባለዋ ናት፦ ጥሩር የለበሰ አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ።

እናቴ አጽሙን ያየችው አልመሰለኝም፤ ፈረሱን ነው ያየችው። (የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረበት አገር መሆኑን አይርሱ።)

«ልጓሙን አላልተሽዋል። አባትሽ እንዲህ አድርጎ አይዝም ነበር» አለቻት።

«ታዲያ እንዴት ነበር የሚይዘው?»

እስኪመሽ አወሩ። ልጅቱ ለፈተና ርቃ ስለነበር ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ፈረሱን ሸልመው ለቅሶው ላይ እንዴት እንዳዞሩት፣ አባቷ በመጨረሻ ስሟን ጠርቶ እንደሆነ የጠየቀችው ያን ዕለት ነው። እናቴም ልጇን ቀብራ ሳታወራው የከረመች ሴት ናት።

ካርታ ያውቃል አልልም፤ ወረቀት ነው። ዘዳግም 18 ስለ ጥንቆላ የሚለውም ግልጽ ነው፤ እናቴ ያን ሁሉ አውርታም ካርታዎቹን ምድጃ ከመክተት አልተመለሰችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አላቃጥልም ነበር።

እርስዎም ቤት ካርታ ካዩ፣ ልጅቷ ምን እንደምትጠይቀው አስቀድመው ይወቁ። «ማንን ላግባ? ፈተናው ምን ይመጣ ይሆን?» ከሆነ፣ ያው በ12 መግደፍ ነው፤ ያስቁሟት። በቴሌብር ክፈይና ዕጣሽን ልንገርሽ የሚላት ሰው ካለም እንደዚያው። ሥዕል እያየች የምታስብ ከሆነ ግን አጠገቧ ይቀመጡና «ይሄ ምን አስታወሰሽ?» ይበሏት። መልሱን ሳያቋርጡ ይስሙ። ሐዘኑ ወራት አልፎትም እህልና እንቅልፍ የሚከለክላት ከሆነ፣ ወሬ ብቻ አይበቃም፤ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይሂዱ።