ቆላ ይሻላል ደጋ?



በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ከሚቀርቡት የክርክር ርዕሶች አንዱ «ቆላ ይሻላል ወይስ ደጋ?» የሚለው ነው። የደጋው ተከራካሪ ቆላን በወባ፣ የቆላው ተከራካሪ ደግሞ ደጋን በብርድና በቁንጫ ይከሳል። በመጨረሻም አንደበቱ የሰላ ይጨበጨብለትና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጭብጨባ የሚያበቃ አይደለም። ልጁ ተመርቆ በረሃ ለሥራ የተመደበበት አባት፣ ልጇ ወደ ዐረብ አገር የተጓዘችባት እናት፣ የእርሻ መሬት ጠቦት ወደ ቆላ ለመውረድ የሚያስብ ገበሬ፣ ሁሉም ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ያሰላስላሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው።

ሁለቱ ጫፎች በአገራችን

ሙቀትንና ብርድን ለማወዳደር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ የሚገኘው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። ልብ በሉ! ይህ የቀትር ሙቀት ሳይሆን ቀኑና ሌሊቱ፣ በጋውና ክረምቱ ተደምሮ የተገኘ አማካይ ነው። ሰው ሰፍሮበት ከሚያውቅ ስፍራ ሁሉ ይህን ያህል አማካይ ሙቀት የተለካበት ሌላ ቦታ አይታወቅም።

በሌላው ጫፍ ባሌ አለች። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የሰነቴ አምባ ያቋርጣል። በአጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ በበጋ ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ አባቶቻችን አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው መክፈላቸው በእርግጥም ትክክል ነበር።

በእነዚህ በሁለቱም ጫፎች ወገኖቻችን ይኖራሉ። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ በተሠራ ምንጣፍ የሚያለብሱት ጎጆ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ነው። የባሌ ደገኛ ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ በፈረስ ይጓዛል፤ ገብሱን ያመርታል። ሁለቱም አገራቸውን በሌላ አይለውጡም። እንግዲህ መልመድና ማወቅ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ከዚህ እንረዳለን።

ሰውነታችን ምን ይላል?

የሰው ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ መቆየት አለበት። ብርድ ሲመጣ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ሰውነት እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመነጫል። ይህም ካልበቃ ሰው ልብስ ይደርባል፣ እሳት ያነድዳል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣል። በሙቀት ጊዜ ግን ነገሩ ይለያል። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት ሲበልጥ የሚቀረን መከላከያ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳችን ላይ ሲተን 580 ያህል ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላብ የሚተነው ግን አየሩ ደረቅ ከሆነ ነው። በእንፋሎት በታፈነ አየር ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አያቀዘቅዝም። የጅቡቲና የጅዳ ወበቅ ከደረቁ በረሃ ይልቅ የሚያስጨንቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ካሳየ ጤነኛ ወጣት እንኳ በጥላ ሥር ተቀምጦ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ሊቋቋመው እንደማይችል የዘርፉ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ለብርድ ልብስ መደረብ ይቻላል፤ በሙቀት ግን ሰው ልብሱን ቢያወልቅ ቆዳውን ሊያወልቅ አይችልም። በዚህ በኩል ሲታይ ብርዱ የሚሻል ይመስላል።

ብርድ ግን በዝምታ ይገድላል

ይሁንና ለመፍረድ አንቸኩል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ13 አገሮች የደረሱ ከ74 ሚሊዮን በላይ ሞቶችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 7.3 ከመቶ ያህሉ ከብርድ ጋር ሲያያዝ ከሙቀት ጋር የተያያዘው 0.4 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚያስገርመው ደግሞ አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በከባድ ውርጭ ሳይሆን ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው መጠነኛ ብርድ ነው። ብርድ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ልብን ያስጨንቃል፣ የመተንፈሻ አካላትን ለበሽታ ያጋልጣል። ሰውየው «በልብ ሞተ» ይባላል እንጂ «በብርድ ሞተ» አይባልም።

ሙቀት ግን በቀናት ውስጥ ብዙ ሰው ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ በአውሮፓ ከ70,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በፈረንሳይ ብቻ 15,000 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። በ1445 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ2024) የሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች ማረፋቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። አላህ ይዘንላቸው። እንደ መግለጫው አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የመጡ፣ መጠለያ ሳያገኙ ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። እንግዲህ ልዩነቱን ያመጣው ጥላና ውሃ ማግኘትና አለማግኘት መሆኑን ልብ ይሏል።

ወባና ተስቦ

በአገራችን የቆላና የደጋ ነገር ሲነሣ የአየሩ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሽታውም አብሮ ይነሣል። አደገኛው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ የሚያድገው አየሩ ከ18 ዲግሪ ያህል በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው አገር ለዘመናት መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ ደጋ ላይ ተጨናንቆ መሬቱ የተራቆተበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአብዛኛው ከሰሜኑ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሰፍር ሲደረግ፣ ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ቆላ ወርዶ ብዙ ሰው አልቋል። ጥፋቱ የቆላው ብቻ ሳይሆን ያለ ዝግጅት የመውረዱ ጭምር ነበር።

ደጋም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡ በዝቶ አየሩ ሲሞቅ ወባ ወደ ከፍታው ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150,000 ያህል እንደገደለም ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናትም በሚሞቁ ዓመታት ወባ ወደ ላይኛው አገር እንደሚወጣ በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ መረጃ አረጋግጧል። ደጋ የራሱም በሽታ አለው። ብርዱን ፈርቶ የማይታጠብና ልብስ የማይቀይር ቤተሰብ ቅማል ይራባበታል፤ ቅማል ደግሞ ተስቦን ያመጣል።

ሸሪዓችን ሁለቱንም አይቷል

በዚህ ረገድ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሩሩ ሲበረታ የዙህር ሶላት ቀዝቀዝ እስኪል እንዲዘገይ አዘዋል። በሌላ በኩል ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ላይ ብርዱ በርትቶ ቢታጠቡ ለሕይወታቸው ስለሰጉ በተየሙም አሰግደዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አልነቀፏቸውም። ዲናችን ለሐሩሩም ለብርዱም ማቅለያ ሰጥቷል። ሰው ነፍሱን ለአደጋ እያጋለጠ ጀግና መባል የለበትም ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ እንዲህ እላለሁ። ደረቅ ቤት፣ በቂ ልብስና ምግብ ላለው ቤተሰብ ብርድ ከሐሩር ይቀላል። እነዚህ ለሌሉት ድኻ ግን የደጋ ሌሊት ከቆላ ቀን ይከብዳል፤ ጥላ በነፃ ሲገኝ ብርድ ልብስ በገንዘብ ነውና። ስለዚህ «የትኛው አገር?» ከማለት በፊት «ምን ይዤ? ምን አውቄ?» ማለት ይቀድማል። ለዚህም የሚከተሉትን እናስታውስ፦

አንደኛ፣ ወደ ቆላ የሚሄድ ወጣት አጎበር ይያዝ፣ ትኩሳት ከተሰማው በዚያው ዕለት ይመርመር። የአገሬውን ሰው አይቶ ጧት ይሥራ፣ ቀትር ይረፍ። በብዙ የቆላ ከተሞቻችን ቢሮዎች ጧት በማለዳ ተከፍተው ቀትር ላይ ረዘም ያለ ዕረፍት የሚሰጡት በስንፍና አይደለም።

ሁለተኛ፣ በሳዑዲ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። በዚያ ያላችሁ ልጆቻችን ይህን መብታችሁን እወቁ። በፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ቶሎ ጥላ ሥር አውሉት፣ በውሃ አርጥባችሁ አራግቡት፣ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ሦስተኛ፣ በደጋ ከተሞች ከሁሉ የሚያሳዝነው የከሰል አደጋ ነው። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ቤተሰብን በሙሉ ይጨርሳል። የከሰሉ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለልጆች ሌላ ብርድ ልብስ ይጨመርላቸው።

አራተኛ፣ በሐሩሩም ሆነ በውርጩ ቀድመው የሚጎዱት አረጋውያንና ሕፃናት ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት እናት ወይም አባት ካሉ በቀን አንድ ጊዜ በራቸውን እናንኳኳ። በፈረንሳይ ያለቁት አረጋውያን ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው ቢኖር ብዙዎቹ በተረፉ ነበር። ጎረቤት ያለው ሰው በቆላም በደጋም ይኖራል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።